ጠባቂነትን የሚወልደው የዘገየ ድጋፍ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በአንባቢያን ዓምዳችሁ ላይ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ መንግሥት በሴፍቲኔት ፕሮግራም ለችግረኞች የሚሰጠው ድጋፍ ገበሬውን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ጠባቂ አድርጎታል፣ አያቶቻችን ያለ ሴፍቲኔት ኖረዋል፣ ስለዚህም እያንዳንዱ ሰው ለገዛ ኑሮው ራሱ ኃላፊነቱን ይውሰድ ሲሉ የጻፉትን በጥሞና አነበብሁት። ጽሑፉ ዘለፋ የሌለበትና ከቅን ልቡና የመነጨ ስለሆነ እኔም በዚያው መንፈስ ለመመለስ እሞክራለሁ። ከጸሐፊው ጋር የምስማማባቸው ነጥቦች ጥቂት አይደሉም፤ የማልስማማው በነገሩ ሥር ላይ ነው።

የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። መተዳደሪያዬ የእህል ንግድ ሲሆን የሰፈራችን እድር ጸሐፊም ነኝ። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እህል ነጋዴ የገበሬው ጓዳ መጉደሉን ከገበሬው ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል፤ የእድር ጸሐፊም ማን መዋጮውን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ማን አቅሙ እያለው እንደሚሸሽ፣ ማንስ በእውነት አጥቶ ስሙ እንዳይሰረዝ ሽማግሌ እንደሚልክ መዝገቡ ይነግረዋል።

በመጀመሪያ ጸሐፊው እውነት የተናገሩበትን ላንሣ። በሴፍቲኔት ያገኘውን ስንዴ ከመጋዘኑ ደጃፍ ሳይርቅ በርካሽ ሸጦ ወደ አረቄ ቤት የሚያቀና ሰው አለ። ልጁ ጎጆ ሳይወጣ እንደወጣ አስመስሎ ቤተሰቡን ለሁለት ከፍሎ የሚያስመዘግብ አለ። በረቱ በበግ ተሞልቶ ሳለ ከኮሚቴው አባል ጋር በጋብቻ ስለተሳሰረ ብቻ ስሙ ከዝርዝሩ የማይወጣ አለ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም ጥፋት ብሎ የማይቆጥረው፣ እንዲያውም የሚያስመሰግን ነገር ነው፤ ይኸውም ለተዝካር፣ ለሠርግና ለክርስትና ተብሎ የሚገባበት ዕዳ ነው። የአባቱን ተዝካር ለማውጣት የእርሻ በሬውን የሸጠና በተከታዩ ክረምት መሬቱን ለእኩል አራሽ ለመስጠት የተገደደ ጎልማሳ አውቃለሁ። ድግሱን በልተን የመረቅነው እኛው ነን፤ በሬ የለውም ብለን ያማነውም እኛው ነን። እንዲህ ባለው ጉዳይ መንግሥት የሚገባበት ቦታ የለም፤ ሰውየውና የነፍስ አባቱ፣ ዘመድ አዝማዱና ማኅበረተኛው የሚመካከሩበት ነው። በዚህ ረገድ የጸሐፊው የኃላፊነት ጥሪ ትክክል ነው።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ድጋፍ ስንፍናን ይወልዳል ወደሚለው ድምዳሜ የሚደርስ ሰው የእህል ገበያውን አካሄድ ሳያይ ቀርቷል። በእኛ ደጋ የመኸሩ ገብስና ባቄላ ተወቅቶ ጎተራ የሚገባው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። የማዳበሪያ ዕዳው፣ የመሬት ግብሩ፣ የጤና መድን መዋጮው፣ ውዝፍ የእድር ክፍያው ሁሉ የሚጠየቀውም በዚሁ ወቅት ነው፤ የቀበሌው ሰብሳቢዎች "ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ያለው አሁን ነው" በሚል ስሌት ቤት ለቤት የሚዞሩት ያኔ ነውና። ሁሉም በአንድ ሰሞን እህሉን ጭኖ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ይወርዳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ያው ገበሬ ሸማች ሆኖ ይመጣል። በጥር ከእርሱ የገዛሁትን ገብስ በነሐሴ መልሼ ለራሱ የሸጥሁበት ጊዜ አለ፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለው ልዩነት፣ የመጋዘን ኪራዩና ነቀዝ የሚበላው ሲቀነስለት፣ የእኔ እንጀራ ነው። ይህን በኩራትም ሆነ በኀፍረት አልናገረውም፤ ንግድ ነው። ይሁንና ያ ሰው ቆጣቢ ስላልሆነ ተራበ ሲባል ስሰማ ዝም ማለት ይከብደኛል፤ እስከ ነሐሴ ማቆየት ቢችል ኖሮ እንደማይሸጥልኝ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝና።

የድጋፉ ነገር የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። ለመንዝ ገበሬ በግ የቁጠባ ደብተሩ ነው። ቀለብ የሚያጥረው ቤተሰብ ክፍያው በየካቲት ወይም በመጋቢት ከደረሰው እናት በጎቹን አይሸጥም፤ ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ ወደ ወፍጮ አይልክም፤ በክረምት መሬቱን ራሱ ያርሳል። ያው ክፍያ፣ መጠኑ አንዲት ኪሎ ሳትቀነስ፣ በሰኔ መጨረሻ ቢደርሰው ግን በጎቹ ተሸጠዋል፣ ዘሩ ተበልቷል፣ መሬቱም ለእኩል አራሽ ተሰጥቷል። ያኔ የመጣው ስንዴ ያንን ወር ያበላዋል እንጂ ሌላ ነገር አያደርግለትም። በሚቀጥለው ዓመት ይህ ሰው እንደገና ከዝርዝሩ ውስጥ ሲገኝ "ይኸው፣ ለመደ" ይባላል። እኔ እንደማየው ከሆነ ሰውን ከዓመት ዓመት ከዝርዝሩ እንዳይወጣ የሚያደርገው የድጋፉ መሰጠት ሳይሆን የመድረሻ ቀኑ አለመታወቅ ነው። ይመጣል አይመጣም ሲባል የሚከርም ነገር ላይ ማንም ሰው ዕቅድ አያወጣም፤ ጸሐፊው የሚያወድሱት አስተዋይ ሰው ራሱ እንዲህ ባለው ሁኔታ ውስጥ ቢገባ ከመጠበቅ ሌላ አማራጭ አይኖረውም።

ይህን መንግሥት ራሱ ቀደም ብሎ ተረድቶት እንደነበር ማስታወስ ይገባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ መሥራት የሚችል ሰው ያለ ሥራ እርዳታ እንዳይቀበል ይደነግግ ነበር። የሆነ ሆኖ ለብዙ ዓመታት የቀጠለው አሠራር በየዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪ ማቅረብና እህሉ ከውጭ እስኪጓጓዝ መጠበቅ ነበር፤ ከተረጂዎቹም ብዙዎቹ ዝናቡ ደህና በሆነበት ዓመት ጭምር ዓመቱን ሙሉ ራሳቸውን መመገብ የማይችሉ፣ ስማቸው በየዓመቱ የሚደጋገም ሰዎች ነበሩ። የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ይዞ የተጀመረው፣ በኋላም እስከ ስምንት ሚሊዮን ሰዎችን ለመያዝ የሰፋው፣ ይህን ለመለወጥ ነው፤ ድጋፉ አስቀድሞ የታወቀ፣ ለተከታታይ ዓመታት የሚዘልቅ፣ ገበሬው ሊተማመንበት የሚችል እንዲሆን ታስቦ ነው። ጸሐፊው "በነፃ የሚታደል" ያሉትም ሊታረም ይገባዋል። በደንቡ መሠረት አቅም ያለው ሰው ክፍያውን የሚያገኘው ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን እየተሰላ የልማት ሥራ ሲሠራ ነው፤ በእህል ሲከፈል የተቀመጠው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህልና 4 ኪሎ ግራም ጥራጥሬ ነው። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች፣ ሕሙማን፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ብቻ ከሥራው ነፃ ይሆናሉ። በየተራራው ወገብ ላይ የምናየውን እርከን የካበው፣ የገጠሩን መንገድ የጠረገው፣ ምንጩን ያጎለበተው ይኸው "ጠባቂ" የተባለው ሰው ነው። ፕሮግራሙ የጎደለው በሐሳቡ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ነው፤ ክፍያ መዘግየቱ ፕሮግራሙን ከጅምሩ ሲከተለው የኖረ ቅሬታ ነው።

ጸሐፊው ከመንግሥት ይልቅ እድርን፣ ደቦንና ወንፈልን እንድናጠናክር መክረዋል። የእድር ጸሐፊ እንደመሆኔ ይህን ምክር ብቃወም ራሴን መቃወም ይሆንብኛል፤ ግን የእድርን ልክ ማወቅም ያስፈልጋል። እድር የሚሠራው አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ስለሚቆሙ ነው። ከአባሎቻችን የአንዱ ቤት ቢቃጠል በማግሥቱ እንጨቱም ቆርቆሮውም ይመጣል፤ አንዷ ብትታመም ጎረቤቶቿ ሰብሏን ያጭዱላታል። በጥቅምት ወር አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ የሁሉንም ባቄላ ባንድ ላይ ሲያጠቁረው ግን ማን ለማን ያዋጣል? በልጉ ሲቀር ለሁላችንም ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ክረምቱም በኤልኒኖ ምክንያት ከተዛባ በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሕዝብ 10.2 ሚሊዮን መሆኑ ሲገለጽ፣ ለቀብርና ለሐዘንተኛ ከተከማቸው ጥቂት ገንዘብ በቀር የእድራችን ሣጥን ሌላ ነገር አልነበረውም። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል የአጣዬ እድሮችም ከነአባሎቻቸው ተበትነዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስም እንዲሁ ሆነ። ከወለጋና ከሌሎች አካባቢዎች ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች የተጠጉት ወገኖቻችን ትናንት እርሻ፣ ከብትና ጎተራ የነበራቸው ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ግል ኃላፊነት ልንመክራቸው የምንችለው ምን እንደሆነ ለእኔ አይታየኝም። ችግር ሰፈር ሙሉ ሲመታ ከሰፈሩ ውጭ ያለ አቅም ያስፈልጋል፤ ያን አቅም ከአገሩ ሁሉ አሰባስቦ ሊያመጣ የሚችለው መንግሥት ነው፤ ግብር የምንከፍለውም በከፊል ለዚሁ ነው።

አያቶቻችን ያለ ድጋፍ ኖረዋል የሚለውን አባባል በዝምታ ማለፍ አልችልም። ኖረዋል ስንል የተረፉትን ቆጥረን ነው። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያለቁት ወገኖች የስንፍና ሰዎች አልነበሩም፤ የ1977ቱ ረሀብ ወሎንና ትግራይን ብቻ ሳይሆን ሰሜን ሸዋንም ያጎሳቆለ መሆኑን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በመካከላችን አሉ። ወደ ኋላ ብንሄድም የምናገኘው ነገር ጸሐፊው እንደሚሉት አይደለም። ከብቱ አልቆ ሕዝቡ ባለቀበት በክፉ ቀን ዘመን ዐፄ ምኒልክ የቤተ መንግሥቱን ጎተራ አስከፍተው ለተራበው እህል እንደሰጡና፣ በሬ ላጣው ገበሬ አርአያ ለመሆን ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ መዝግቦታል። ጎተራው ሳይከፈት ዶማው ብቻ ቢነሣ ኖሮ ምን ይባል ነበር?

አሁን ወደ ቤተሰብ ኃላፊነት ልምጣ፤ የጸሐፊው መከራከሪያ በእኛ አካባቢ በተግባር እንዴት እንደሚተረጎም የሚታየው እዚህ ላይ ነውና። እኔ በተገኘሁበት አንድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር እየተነበበ ነበር። አንዲት ባልቴት ስማቸው ከቀጥታ ድጋፍ፣ ማለትም መሥራት ለማይችሉት ያለ ሥራ ከሚሰጠው ክፍያ፣ መውጣቱን ሲሰሙ በመቋሚያቸው ተደግፈው ተነሡና ምክንያቱን ጠየቁ። ሰብሳቢው በትሕትና፣ "እማማ፣ እርስዎኮ መሬት አለዎት፤ አዲስ አበባ የሚሠራ ልጅም አለዎት፤ ከእርስዎ የባሰ ስላለ ነው" ሲል መለሰላቸው። መሬት የተባለው ለእኩል አራሽ የተሰጠ ቁራሽ ነው፤ ከእኩሌታውም ላይ የዘሩና የማዳበሪያው ይቀነሳል። ልጅ የተባለው በሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛ ነው። ባልቴቷም፣ "ልጄማ የራሱን ራብ ተሸክሞ ነው የሄደው፤ የእኔን ጨምሬ ልጫንበት እንዴ?" አሉና ተቀመጡ። ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዳለ በስብሰባው ላይ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ የነገርናቸው ከስብሰባው በኋላ እኛ ጎረቤቶቻቸው ነን።

ሰብሳቢውን አልወቅሰውም፤ የተሰጠው ኮታ ከችግረኛው ቁጥር ያነሰ ስለሆነ ማንንም ቢያስገባ ሌላውን ማስወጣቱ አይቀርም። የምወቅሰው "ልጅ አለዎት" የሚለው ቃል እንደ መዝጊያ ማገልገሉን ነው። ሕጋችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ሆነ ክልላችን በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ ልጆች ለተቸገሩ ወላጆቻቸው ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለባቸው ደንግገዋል፤ ግዴታው ሲመዘንም የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ሁለቱም ይታያሉ። በሌላ በኩል ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ወላጅና አሳዳጊ ላጡ ሕፃናት እንክብካቤና ድጋፍ እንዲያደርግ ይደነግጋል። ስለዚህ የልጁ ግዴታና የመንግሥት ግዴታ ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። አቅም ያለው ልጅ እናቱን ረስቶ ከሆነ ወረዳው ክሱን በነፃ አዘጋጅቶ ቀለቡን ያስወስንላቸው፤ አቅም የሌለው ከሆነ ደግሞ ስሙ የእናቱ ስም መሰረዣ አይሁን። እስካሁን የማየው ግን ልጁም ሳይጠየቅ፣ ድጋፉም ሳይሰጥ ሁለቱም እርስ በርስ እየተመካኙ ባልቴቷ በመካከል ሲቀሩ ነው። ደመወዝተኛ ጡረታ አለው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በጡረታ ሕግ ታቅፏል። ዕድሜውን ሙሉ ያረሰ ገበሬ ግን ጡረታው ልጁና መሬቱ ብቻ ናቸው።

ወጣቱ ሥራ አይወድም ሲሉ ጸሐፊው ለሰነዘሩት በአጭሩ ልመልስ። ከረንቡላ ቤት የሚውለውን ጎረምሳ እኔም አልወደውም። ሆኖም በክልላችን የተለያዩ አካባቢዎች የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ሽግሽግ የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ አንቀልባ ላይ የነበረ ሕፃን ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ የሚያርሰው ግን የአባቱን ቁራሽ ከወንድሞቹ ጋር ተካፍሎ ነው። ሥራ ውደድ ከማለት በፊት የሚሠራበትን ነገር ማሳየት ይቀድማል።

የጤና መድኑም ከዚሁ ጉዳይ አይለይም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የተያዘው ሐሳብ መክፈል የሚችለው በየዓመቱ መዋጮውን እንዲከፍል፣ ፈጽሞ የማይችለውን ደግሞ መንግሥት እንዲከፍልለት ነው። የግል ኃላፊነትና የመንግሥት እገዛ ተጋግዘው የሚሠሩበት፣ እኔም ከልቤ የምደግፈው አሠራር ነው። ነገር ግን መዋጮውን በሰዓቱ የከፈለ ገበሬ ደብተሩን ይዞ ሲሄድ "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ" ከተባለ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆነበት ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ጥር ለማሳደስ ቢያመነታ ኃላፊነት አይሰማውም ልንለው አንችልም፤ እርሱ ኃላፊነቱን ተወጥቷል፣ ውሉን ያፈረሰው ሌላው ወገን ነውና።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ይበልጥ ሊገፉበት ይችሉ ነበር፤ ይኸውም በውጭ እርዳታ ላይ መደገፋችን ነው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የሆነው ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ከታለመለት ዓላማ ውጭ ውሏል በሚል በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ ሲያቋርጡ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ የተቀጣው የመጨረሻው ተቀባይ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ዩኤስኤአይዲን ራሱን ዘጋው። ባሕር ማዶ በተደረገ ምርጫ ምክንያት የመንዝ ቤተሰብ ቀለብ የሚቋረጥበት አሠራር አስተማማኝ ሊባል አይችልም፤ ስለዚህ ድጋፉ ከራሳችን በጀት፣ በራሳችን መጋዘን ተይዞ የሚጠብቅ ይሁን። ከዚህ ደግሞ የሚከተለው ድጋፍ ይቅር ማለት ሳይሆን ራሳችን እንክፈለው ማለት ነው፤ ነጋዴው ግብሩን ሳይሸሽግ ሲከፍል ነው ይህ የሚሆነው። ደረሰኝ ሳይቆርጥ እየሸጠ በገበሬው ጠባቂነት የሚያዝን ነጋዴ በገበያችን ብዙ ነው፤ የሙያ ባልደረቦቼ ይህን በመጻፌ ቢቀየሙኝም ነገሩ እውነት ነው።

እንግዲህ ከዞናችንና ከወረዳዎቻችን የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር አይደለም። የሴፍቲኔት ክፍያ የበልጉ ውጤት ሳይታወቅ፣ ቢዘገይ ከመጋቢት መጨረሻ በፊት ይድረስ፤ የማዳበሪያ ዕዳና ልዩ ልዩ መዋጮ ሁሉ በአንድ ወር ተደራርቦ እንዳይሰበሰብ የመክፈያው ጊዜ ይከፋፈል፤ ይህ እኔን የመሰለውን ነጋዴ ትርፍ የሚቀንስ መሆኑን አውቄ ነው የምጠይቀው። "ልጅ አለው" ተብሎ ከቀጥታ ድጋፍ የሚሰረዝ አረጋዊ የልጁ አቅም ሳይጣራና የቅሬታ መብቱ ሳይነገረው ስሙ አይውጣ። ከስም ዝርዝሩ ጎንም ክፍያው ይደርሳል የተባለበትና በእርግጥ የደረሰበት ቀን ተጽፎ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ይለጠፍ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ወረቀትና ጥቂት ማጣበቂያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የእህል ነጋዴና የእድር ጸሐፊ
ከመሐል ሜዳ፣ ሰሜን ሸዋ